«እማዬ መራመድ ጀምራለች፤ ማበጠር ግን ጠፋባት»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ከሰባት ሳምንት በፊት ስትሮክ መታት። ሐኪሞቹ የተጎዳው የግራ አንጎሏ ነው ብለዋል፤ የደከመው ቀኝ ጎኗ ነው። ንግግሯ እየተመለሰ ነው፤ የምንላትንም ትረዳለች። ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት ሦስት ቀን ቤት እየመጣ አንድ አንድ ሰዓት ያሠራታል፤ በከዘራ ከሳሎን እስከ በረንዳ መድረስ ችላለች። ቀኝ እጇ ግን ገና ነው፤ ጣቶቿ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ። ያስደነገጠን ሌላ ነገር ነው። በደህናው በግራ እጇ ማበጠሪያ ስንሰጣት ታገላብጠውና እንደ ጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ ትከተዋለች። አእምሮዋን ነካት እንዴ? ሜሪላንድ ያለችው እህቴ «ፊዚዮቴራፒ ብቻውን አይበቃም፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ፈልጉላት» ትላለች። ፊዚዮቴራፒስቱን ስጠይቀው «ያው ነው፤ እጇንም እኮ አሠራታለሁ» አለኝ። አክስቴ ደግሞ ወጌሻ ጋ ወስደን ትከሻዋን እናሳሻት ባይ ናት። ገንዘባችን በሳምንት ከሦስት ቀን በላይ አይከፍልም። ሁለቱ ሙያዎች በእርግጥ ይለያያሉ? ያለንን የት ላይ እናውለው?
አ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህታችን፣ ቤተሰቡን ያስደነገጠው ማበጠሪያው ስለሆነ ከሱ እንጀምር። ከጻፍሽው እንደምንረዳው እናትሽ አእምሯቸውን አልሳቱም። የግራ አንጎል ሲጎዳ ከቀኝ ጎን ድካምና ከንግግር ችግር ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚመጣ፣ ሐኪሞች አፕራክሲያ የሚሉት ነገር አለ። ጉልበቱ አለ፤ ዓይን ማበጠሪያውን ያያል፤ ሰውየውም ማበጠር ይፈልጋል። የተቃወሰው ዕቃው በየት በኩል እንደሚያዝ፣ ወዴት እንደሚሄድና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ እጅን የሚመራው ዕውቀት ነው። ያ ዕውቀት በአብዛኛው ሰው ዘንድ የሚመራው ከግራ አንጎል ስለሆነ፣ ጤነኛው ግራ እጅም አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ «እንዴት ይሄ ይጠፋሻል?» ብሎ መቆጣትም፣ እሳቸው ፊት ማልቀስም አይገባም። ለሐኪሙ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ ያየሽውን እንዳለ ንገሪው፤ በምርመራ መረጋገጥ አለበት።

የጠየቅሽው ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየውም እዚሁ ማበጠሪያው ላይ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ የእናትሽን ግራ እጅ ቢመረምር ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ መገጣጠሚያው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በሱ መለኪያ እጁ ደህና ነው። ፀጉሩ ግን አልተበጠረም። ያልተበጠረውን ፀጉር «ይሄ የኔ ሥራ ነው» ብሎ የሚይዘው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነው።

አዎ፣ ሁለቱ ሙያዎች ይለያያሉ። ልዩነታቸው ግን ብዙ ሰው እንደሚለው አንዱ ለእግር፣ አንዱ ለእጅ መሆኑ አይደለም። ፊዚዮቴራፒስት ትከሻም ክርንም ያክማል፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስትም ዳሌው የተሰበረ ሰው ሳይጎነበስ ካልሲ እንዲያጠልቅ ያስተምራል። የሚለያዩት በሚነሱበት ጥያቄ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ከእንቅስቃሴ ይነሳል፤ ጡንቻው ምን ያህል ይገፋል፣ መገጣጠሚያው እስከ ምን ይሄዳል፣ ሚዛን ይጠበቃል ወይ፣ ሲራመዱ ክብደት በየትኛው እግር ያርፋል፣ ሕመሙ ከየት ነው ይላል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ከሰውየው ውሎ ይነሳል። እኚህ እናት ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ጀምሮ ማታ እስኪተኙ ምን ምን ይሠሩ ነበር? አሁን የቱ ቀረባቸው? ያስቀራቸውስ እጁ ነው፣ ሐሳቡ ነው፣ ዕቃው ነው፣ ቤቱ ነው ወይስ የቤተሰቡ ርኅራኄ? የመጨረሻው ቀላል ምክንያት እንዳይመስልሽ፤ እንመለስበታለን።

ስሙም ራሱ ሰው ያሳስታል። «የሙያ ሕክምና» ተብሎ ሲተረጎም መሥሪያ ቤት ለሚገባ ሰው ብቻ የሚሆን ይመስላል። ሙያው እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ ማኅበር አቋቁሞ ሲነሳ ቃሉ የተመረጠው የሰውን ጊዜ የሚሞላ፣ እጁንና ልቡን የሚይዝ ማንኛውንም ተግባር ለማለት ነው። መታጠብ፣ መልበስ፣ መብላት፣ የልጅ ልጅ ማቀፍ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ሁሉ ይገባበታል። እንዲያውም በአማርኛ «ባለሙያ ናት፤ ወጧ አይጠገብም» ስንል ያለው ሙያ ከቢሮው ሙያ ይልቅ ለዚህ ሕክምና ይቀርባል።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ፤ እናትሽ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያየው ይህን ነው፦ በየትኛው ጎን ተገልብጠው ይነሳሉ? አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ ወደ ቀኝ ይዘማሉ ወይ? ሊቆሙ ሲሉ ሁለቱን እግር ከጉልበታቸው ወደ ኋላ ስበው፣ ደረታቸውን ወደ ፊት አዘንብለው፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው አልፎ ነው የሚነሱት ወይስ ቀጥ ብለው ለመነሳት ሞክረው ወደ ኋላ ይወድቃሉ? ቀኝ እግራቸው ክብደት ይቀበላል? ሲራመዱ የቀኝ እግር ጣት መሬት ይጠርጋል? የሚጠርግ ከሆነ ቁርጭምጭሚትን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ያስፈልጋል ወይ?

ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ ያንኑ መንገድ አብራ ትሄድና ሌላ ነገር ታያለች። የመብራቱ ማብሪያ በየት በኩል ነው? በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ከዘራ የያዘ ሰው የት ይቆማል? የውስጥ ሱሪውን በአንድ እጅ ሲያወርዱ በምን ይደገፋሉ? ውኃውና ሶፍቱ በቀኝ ነው በግራ? መታጠቢያው በደከመው እጅ በኩል ከሆነ ሳይታጠቡ መውጣት ይለምዳሉ፤ ያ ደግሞ ለአንድ እናት የክብር ጉዳይ ነው። ሲመለሱስ መኝታ ቤቱ ጠፍቷቸው ሳሎን ይገባሉ ወይ?

ሁለቱ የሚደራረቡበት ቦታም ሰፊ ነው። ከወንበር መነሳትን ሁለቱም ያስተምራሉ። የደከመ እጅን ሁለቱም ያሠራሉ። ፊዚዮቴራፒስታችሁ «ያው ነው» ያለው ይህን ይዞ ነው፤ አልዋሸም። መልሱ ግን ሙሉ አይደለም፤ ማበጠሪያው የሱ ሰዓት ውስጥ አልገባማ።

እህትሽም ያለችው ከምታየው ተነስታ ነው። በአሜሪካ ከስትሮክ በኋላ ማገገሚያ ሆስፒታል የገባ ሰው በመደበኛው አሠራር በቀን 3 ሰዓት ያህል፣ በሳምንት 5 ቀን ሕክምና ያገኛል፤ ሰዓቱም ለፊዚዮቴራፒ፣ ለኦኩፔሽናል ቴራፒና እንደ አስፈላጊነቱ ለንግግር ሕክምና ይከፋፈላል። ትምህርታቸውም ፈቃዳቸውም ለየብቻ ነው። በአገራችን ፊዚዮቴራፒ ቀድሞ የገባ ሙያ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው የመጀመሪያው ተቋም ግን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የዛሬ ጥቂት ዓመታት የሆነ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው፤ አሉ ግን። በትልልቅ ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ በማገገሚያ ማዕከላትና ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር በሚሠሩ ድርጅቶች «ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ባጭሩ ኦቲ) አላችሁ? የምታውቁትስ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ስታገኚ የተመረቁበትን ሙያና የሥራ ፈቃዳቸውን፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ ያገኘው ሰው አክመው እንደሆነም ጠይቂ፤ ከልጆች ጋር ብቻ የሠራ ባለሙያ ለእናትሽ ላይመቸው ይችላል።

እስከዚያው በማበጠሪያው ምን ታደርጋላችሁ? ሳሎን ተቀምጠው «እስቲ ይሄ ምንድን ነው? አሳዪን» ብሎ መፈተኑን ዛሬውኑ አቁሙ። ማበጠር የሚለማመዱት ጠዋት ፊታቸውን ከታጠቡ በኋላ፣ ድሮ ይበጠሩበት በነበረው መስታወት ፊት ነው። ጠረጴዛው ላይ ከማበጠሪያው በቀር ምንም አይኑር፤ የጥርስ ብሩሹ በተለይ ከዓይን ይራቅ። ከኋላቸው በግራ በኩል ቁሚና እጅሽን በእጃቸው ላይ አድርጊ። አብራችሁ ያዙት፣ ጥርሱን ወደ ፀጉሩ አዙሩት፣ ከግንባር ወደ ኋላ ሳቡት። በዝምታ ነው፤ ቢበዛ «እንበጠር» የሚል አንድ ቃል። «ያዢው፣ ኧረ ገልብጪው፣ ወደ ላይ፣ እንደሱ አይደለም» የሚለው የትእዛዝ ጋጋታ የተቃወሰውን ቅደም ተከተል የባሰ ያቃውሰዋል።

እጃቸው ወደ አፍ ሲያመራ ካየሽ ስሕተቱ እስኪያልቅ አትጠብቂ፤ መንገድ ላይ ቀስ ብለሽ ያዢውና ወደ ፀጉር ምሪው። አንጎል የተደጋገመን ነገር ይይዛል፤ ስሕተትም ሲደጋገም ይያዛል። ቀጥሎ የመጨረሻዋን አንዲት ስቦሽ ለሳቸው ተዪላቸው። አሥሩን አብራችሁ፣ አሥራ አንደኛውን ብቻቸውን። ሁለት ሦስት ቀን ሲሳካላቸው የመጨረሻዎቹን ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያልሽ ወደ ኋላ ትመጫለሽ። ከመጨረሻው የሚጀመረው ሥራው ሁልጊዜ በሳቸው እጅ እንዲያልቅ ነው። በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። የማበጠሪያው እጀታ ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ጠምጥመሽ ውፍረቱን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጊው። ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ጽፈሽ መስታወቱ አጠገብ ለጥፊው፤ አንቺ አንድ ዓይነት፣ ወንድምሽ ሌላ ዓይነት፣ ሠራተኛዋ ሦስተኛ ዓይነት የምታስይዟቸው ከሆነ አይለመድም።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ። በአፕራክሲያ ማበጠርን የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያው ጥርስ መፋቅን አይማርም፤ እያንዳንዱ ተግባር ለብቻው ይሠራል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ አትጀምሩ። እናትሽን ራሳቸውን ጠይቂና ሦስት ነገር ይምረጡ። ቃል ካጠራቸው ዕቃውን ወይም ፎቶውን አሳዪያቸው፤ በራስ ንቅናቄ ይመልሱልሻል። አንቺ የመረጥሽላቸው ሦስትና እሳቸው የሚመርጡት ሦስት ላይገናኙ ይችላሉ። አንቺ «የልብስ ቁልፍ መቆለፍ» ትያለሽ፤ እሳቸው «ቡና ልቅዳ» ይላሉ። የሳቸው ይቅደም፤ ሰው የሚደክምለትን ነገር ይደጋግማል፣ እጅም የሚመለሰው በድግግሞሽ ነው። ቡናው ታዲያ በባዶ ጀበና ይጀመራል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲኒ ውስጥ መቅዳት፣ ከዚያ ለብ ያለ። ፍም አጠገብ መቀመጥና ፍል ጀበና ማንሳት ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ የደከመ እጅ የመሰማት አቅሙም አብሮ ሊቀንስ ስለሚችል ቃጠሎን በጊዜ አያውቅም።

ወደ ቀኝ እጃቸው እንምጣ። ብዙ ቤት ኳስ ተሰጥቶ «ጨምቂ» ይባላል። ከስትሮክ በኋላ ግን መጨበጥ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይመለሳል፤ ዘግይቶ የሚመጣውና ለሥራ የሚያስፈልገው መክፈት ነው። ኳስ ጠዋት ማታ ሲጨመቅ የሚለመደው የተቻለው እንጂ ያልተቻለው አይደለም። ስለዚህ መልቀቅ የሚጠይቅ ነገር ስጫቸው፦ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ አርፎ ሦስት ሴንቲ ሜትር በሦስት ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ስፖንጅ በአውራ ጣትና በሁለት ጣት አንስተው ሰፋ ያለ ሳህን ውስጥ ይጥሉ። 20 ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና 20። ጣል ማድረጉ ካቃታቸው ሳህኑን ጠረጴዛው ጫፍ በታች አድርጊው፤ የእጅ አንጓ ወደ ታች ሲታጠፍ ጣቶች በራሳቸው ይከፈታሉ።

እንጀራ መብላት ደግሞ ለኛ ሰው ከባዱ የእጅ ሥራ ነው። አስቢው፦ ክንድ ይዘረጋል፤ አውራ ጣትና ሁለት ጣት ይቆነጥራሉ፤ የቀሩት ሁለት ጣቶች እንጀራውን ወደ ታች ይዘው ያስቀራሉ፤ ይቆረሳል፤ ወጡ ይጠቀለላል፤ መዳፍ ወደ ላይ ይዞራል፤ ክርን ይታጠፋል፤ አፍ አጠገብ ጣቶች በልክ ይለቃሉ። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ጉርሻው ቀሚስ ላይ ይወድቃል። የመሶቡ ዝቅታ ደግሞ ሌላ ችግር ነው፤ ጎንበስ ብሎ ክንድን መዘርጋት ለደከመ ትከሻ ዳገት ነው። ለጊዜው ትሪው በክርናቸው ቁመት ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ የቀኝ ክንዳቸውም ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። መጀመሪያ እንደ ስፖንጁ የተቆረጠ ዳቦ፣ ቀጥሎ አንቺ ጠቅልለሽ ጣት በሚያህል የቆረጥሽው እንጀራ፣ ከዚያ በኋላ ነው መቁረስ። የምግቡ መጀመሪያ ላይ፣ ሳይደክማቸው፣ አምስት ጉርሻ በቀኝ እጅ ይሞክሩ፤ የቀረውን በማንኪያ በግራ ይብሉ፣ ቀኙ እጅ ሳህኑን ደግፎ ይቀመጥ። በግራ መብላት ነውር ሆኖባቸው ምግብ እንዳይተዉ፣ የሚጠይቅ ዘመድ ሲመጣ አስቀድመሽ ሹክ በዪው።

ከፍ ብለን ርኅራኄ ያልነው ይኸው ነው። ስትሮክ ያገኘውን ሰው አገራችን በፍቅር ነው የሚያጎርሰው። በየማዕዱ የሚጎርስ ሰው ግን እጁን የሚያነሳበት ምክንያት የለውም፤ ያልተጠራ እጅ ደግሞ ጡንቻው እያለ እንኳ ሥራውን ይረሳል። አንዲት ጉርሻ ለወግ ትበቃለች፤ እሷም ትንሽ ትሁን። መዋጥ የተዳከመበትን ሰው ትልቅ ጉርሻ ያንቀዋል። እናትሽ ሲበሉ ወይም ሲጠጡ የሚያስላቸው፣ ከዋጡ በኋላ ድምፃቸው ውኃ እንደያዘ የሚሆን ወይም ምግብ በቀኝ ጉንጫቸው የሚቀር ከሆነ የእጅ ልምምዱ ይቆይና መጀመሪያ ሐኪም መዋጣቸውን ይይ። ሁልጊዜም የሚበሉት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኙ።

ስለ ወጌሻው ግልጽ እንሁን፦ ትከሻቸውን ማንም እንዳይስብ፣ እንዳያሽ። የክንድ አጥንት ራስ ትከሻ ላይ የተቀመጠው ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ላይ ነው፤ በቦታው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻዎቹ ሲላሉ የክንዱ ክብደት ራሱ አጥንቱን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ አንዳንዴ በትከሻው ጫፍና በክንዱ ራስ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ይህ የወለቀ አጥንት አይደለም፤ በመሳብ አይገባም። ሲሳብ ጅማቱ ይጎዳል፤ ከዚያ የሚመጣው ሕመም ለወራት እጁን አያስነካም። ቤተሰብም በማያውቀው ይህንኑ ያደርጋል፤ ከወንበር ሲያነሳ ቀኝ እጃቸውን ይዞ ይጎትታል ወይም ብብታቸው ስር ገብቶ ያነሳል። የሚያዙት ከወገባቸው ነው፤ ሰፋ ያለ ቀበቶ ወይም መቀነት ቢታጠቁ ይመቻል። ሲቀመጡ ቀኝ ክንዳቸው ትራስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በደህናው ጎን ሲተኙ ቀኙ ክንድ ከፊታቸው ትራስ ላይ ይሁን። ክንድን ከአንገት ጋር የሚይዘው ማንጠልጠያ ካላቸው ሲራመዱ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከታሰረ ክርኑ ታጥፎ ይደርቃል። በእግርም በኩል አንዱ ባት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ማሸት ፈጽሞ አይቻልም፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

ስለ ቤቱ ባጭሩ። ዱካ ለጊዜው ይቅር፤ መቀመጫ ዝቅ ባለ ቁጥር ለመነሳት የሚያስፈልገው የጭን ጉልበት ይጨምራል። ቆመው ጉልበታቸው የሚታጠፍበትን ቁመት ለኪና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ መደገፊያ እጅ ያለው፣ የማይንሸራተት ወንበር ይሁን። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ አናጢ መካከሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ይሠራል፤ የግድግዳ መያዣው በግራ በኩል ይተከል፣ ሚስማር ሳይሆን በግንብ ውስጥ በሚገባ ብሎን። ነጠላ ጫማ አውጥተሽ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አድርጊላቸው። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ። ከዘራው በግራ እጅ ነው፤ ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸው ወደ ታች ሲንጠለጠል የከዘራው የላይኛው ጫፍ የእጅ አንጓቸው ጋ መድረስ አለበት። ልብስ ሲለብሱ ቀኝ እጅ ቀድሞ ይገባል፤ ሲያወልቁ ቀኝ እጅ መጨረሻ ይወጣል።

እህትሽ ኢንተርኔት ላይ አይታ ጤነኛውን እጅ በጓንት አስሮ ደካማውን ማሠራት የሚለውን ሕክምና ልትልክልሽ ትችላለች። እውነተኛ ሕክምና ነው፤ ጥሩ ውጤትም አለው። ግን አንጓውንና ጣቶቹን በራሱ በመጠኑ ወደ ላይ ማቅናት ለሚችል ሰው የተዘጋጀ ነው፤ በቀን ብዙ ሰዓትም ይጠይቃል። የእናትሽ ጣት ገና ጀማሪ ነው። ከዘራውን የያዘውም ያው ግራ እጅ ነው፤ እሱን ማሰር መውደቅን መጋበዝ ይሆናል። ያለ ባለሙያ አትጀምሩት።

አሁን ገንዘቡ። የምትከፍሉበት ከሳምንቱ 168 ሰዓት 3ቱን ነው፤ ስለዚህ የባለሙያው ዋና ሥራ እናትሽን ማሠራት ብቻ ሳይሆን የቀረውን ሰዓት እናንተ እንድትይዙት ማስተማር ነው። መራመዱን አታቋርጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት መሻሻሉ የሚፈጥንበት ጊዜ ነው፣ ከዚያም በኋላ በሩ አይዘጋም። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ካገኘሽ ለአራት ሳምንት ሁለቱን ቀን ለፊዚዮቴራፒ፣ ሦስተኛውን ለሷ ስጪ። በመጀመሪያው ቀን ቤቱን ትይ፤ እናትሽም ሲታጠቡና ሲበሉ ትመልከት። በሁለተኛው ማበጠሩንና ልብሱን ለቤተሰቡ ሁሉ ታስተምር፤ በሦስተኛው የመረጡትን ሥራ፣ ቡናውን ለምሳሌ፣ ታስጀምር፤ በአራተኛው የተለመደውን አይታ ታስተካክል። ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃል፤ የሷ ቀን ወደ ፊዚዮቴራፒስቱ ይመለሳል። ሁለቱ በስልክም ቢሆን መነጋገር አለባቸው፤ አንዱ ቀኝ እግር ላይ ቁሙ ሲል ሌላዋ በግራ ተደገፉ እንዳትል።

ካላገኘሽም ያለውን ፊዚዮቴራፒስት በሌላ ሰዓት ጥሪው። ከሦስቱ ቀን አንዱን ከሰዓት በኋላ መምጣቱ ቀርቶ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ እናትሽ ከአልጋ ሲነሱ ይድረስ፤ ያንን ሰዓት ስፖርት ሳይሆን መነሳት፣ ሽንት ቤት፣ መታጠብና መልበስ ያሠራ። ለዚህ እንዲዘጋጅ ከአሁኑ ቀጠሮ በፊት በስልክሽ ሦስት አጭር ቪዲዮ ቅረጪ፤ የእናትሽን ፈቃድ ጠይቀሽ፣ ልብሳቸውን ለብሰው። አንዱ ከአልጋ ሲነሱ፣ አንዱ ሲበሉ፣ አንዱ ማበጠሪያውን ሲይዙ። ከጎን በኩል ቅረጪ፣ ሳትረጂያቸው፣ ግን እንዳይወድቁ ሌላ ሰው አጠገባቸው ቆሞ። በወሩ መጨረሻ ያንኑ ሦስቱን እንደገና ቅረጪ። የደም ግፊት መድኃኒቱ በሰዓቱ ይወሰድ፤ አዲስ ድካም፣ የፊት መጣመም ወይም የንግግር መያዝ በድንገት ከመጣ ግን ቴራፒስት ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ በዚያው ደቂቃ።